የእትዬ ዘሃራን ላም የወጋችው ሴት

እኔ ሰው "ጂኒ አየሁ" ሲለኝ "ስንት ሰዓት ላይ? ምሳ በልተህ ነበር?" ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነኝ፣ እናቴ "ዓይን ነካው፣ ጥላ ጣለበት" ስትል እንኳ ከንፈሬን ነክሼ ነበር ሳቄን የምይዘው። ማለቴ ንቀት አይደለም፣ ሥራዬ ነው እንዲህ ያደረገኝ፣ ሰው በዓይኑ የማያየውን ነገር በማይክሮስኮፕ አይቼ "አለ" ወይም "የለም" ብዬ መጻፍ ነው እንጀራዬ፣ ካየሁት አለ፣ ካላየሁት የለም፣ በቃ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ቀጥሎ ያለውን ስትሰሙ "ይቺማ ድሮም ነካ ያደርጋት ነበር" እንዳትሉኝ ነው። የሆነው አንድ ቀን ነው፣ ያውም በጠራራ ቀን፣ ጠራራ እንኳ አልልም፣ ዝናብ ነበር፣ ግን ቀን ነበር።

ያኔ የምሠራው ካዛንቺስ፣ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አሮጌ ፎቅ፣ አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ታች ጎሚስታና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ላይ እኛ። ክሊኒክ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ዶክተር ታምራትና እኔ ብቻ ነን፣ እሳቸው ከብት ቤት ለከብት ቤት እየዞሩ ናሙና ያመጣሉ፣ እኔ ላብራቶሪው፣ እኛ ላብ የምንለው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ እመረምራለሁ። ሰው ከተማ መሀል ምን ከብት አለ ይላል፣ እመኑኝ፣ በዚያን ጊዜ ከእያንዳንዱ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ ስንት ላም ነበር መሰላችሁ፣ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ የሚያድገው በነዚያ ላሞች ወተት ነበር።

ሥራውን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ኋላ ስለሚያስፈልጋችሁ ነው። እበት ሲመጣ ጨው እስኪጠግብ በተሟሟበት ውሃ ትበጠብጡታላችሁ፣ ታጠልሉታላችሁ፣ ጠባብ ብልቃጥ ላይ እስከ አፉ ሞልታችሁ ስስ መስታወት ትከድኑበታላችሁ፣ የትሉ እንቁላል ከጨዋማው ውሃ ስለሚቀል ሽቅብ ተንሳፍፎ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፣ እሱን አንስቶ ማየት ነው። ደም ከሆነ ደግሞ እንደ መርፌ በቀጠነች የብርጭቆ ቱቦ ትቀዱና ሴንትሪፊውጅ የምትባል ማሽን ውስጥ ታሽከረክሩታላችሁ፣ አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ ስትወጣ ቀዩ ደም ታች ይዘቅጣል፣ ቢጫው ውሃ ላይ ይቀራል፣ መሀላቸው ላይ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ መስመር ትኖራለች። ደም ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ካለ እዚያች መስመር አናት ላይ ነው የሚሰበሰበው፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ተያዘ ዓሣ ይወራጫል።

እና እኔ ሰልችቶኝ ነበር። ሁለት ዓመት እበት በጥብጬ፣ ታክሲ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠ ሰው መስኮት በከፈተ ቁጥር እኔ የሸተትኩ ይመስለኝ ነበር። ኦሎምፒያ አንድ ቢሮ እንግዳ ተቀባይ እንደሚፈልግ ሰማሁና ሲቪዬን አስገባሁ፣ ለማክሰኞ ስምንት ሰዓት ኢንተርቪው ቀጠሩኝ። ለዶክተር አልነገርኳቸውም።

ያ ማክሰኞ ነው እንግዲህ። ሰኔ፣ መብራት በፈረቃ የነበረበት ጊዜ፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። አራት ሰዓት ላይ ዶክተር አንድ ብልቃጥ ደም ይዘው መጡ።

"ሰብለ፣ ይቺ የእትዬ ዘሃራ ላም ናት" አሉኝ፣ ጃኬታቸውን እንኳ ሳያወልቁ። "የሴትዮዋ ወንድም በቅርቡ ከግቤ በኩል ነው ያመጣላት። ላሟ ከሳች፣ ወተቷ ደረቀ፣ ዛሬ ጭራሽ መነሳት አቅቷታል። ገንዲ ነው የጠረጠርኩት።"

ገንዲ የቆላ በሽታ ነው፣ እዚያ ያለ ዝንብ ነክሶ ደም ውስጥ የሚጨምረው ጥገኛ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ላብ ላይ የተቀመጠች ልጅ በዓመት አንዴ ብታየው ነው።

"መድኃኒቱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ ግን በግምት አልወጋትም፣ አቅሟ አልቋል፣ ሌላ በሽታ ከሆነ እጨርሳታለሁ" አሉ። "ሰበታ ነው የምሄደው። ካገኘሽው ደውይልኝ፣ ጥዬ እመጣለሁ። ካላገኘሽው ነገ እናስብበታለን። በደንብ እይልኝ እሺ፣ ሴትዮዋ ከሷ ሌላ ምንም የላትም።"

እሺ አልኳቸው። ወጡ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ያን ጠዋት ልቤ ላብ ውስጥ አልነበረም። ፀጉሬን እንዴት እንደማስይዘው፣ እንግሊዝኛ ከጠየቁኝ ምን እንደምል፣ እጄን በምን ሳሙና ባጥበው ሽታው እንደሚለቅ ነበር የማስበው። ሌላውን እበት ሁሉ አስቀድሜ ሠራሁና የላሟን ደም የያዝኩት አምስት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ቱቦዋን ሞላሁ፣ ማሽኗ ውስጥ አስገባሁ፣ ከደንኩ፣ አስነሳሁ። ዋይይይ ብላ መዞር ጀመረች፣ ሁለት ደቂቃ ሳትሞላ መብራት እልም። ፈረቃው የኛ አልነበረም፣ ግን ሄደ፣ ታች ጎሚስታው ሲሳደብ ሰማሁት።

ጠበቅኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ቱቦዋን አወጣኋት፣ ደሙ ገና አልተለየም፣ ድፍርስርስ እንዳለ ነው። ልብ በሉ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ መብራት የማይፈልግ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነበረን፣ በመስታወት የቀን ብርሃን የሚቀበል፣ አቧራ ለብሶ፣ እሱን አውርጄ መስኮት ላይ አስቀምጬ አንድ ጠብታ ደም ብመለከት አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም። ዶክተር ቢሆኑ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። እኔ ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር፣ አቧራው ታየኝ፣ ሰዓቱ ታየኝ። ቱቦዋን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየት አደረግኋትና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኳት። መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፤ የደም ጥገኛ አልተገኘም።

እትዬ ዘሃራ ውጤት ሊወስዱ ራሳቸው መጡ፣ ስድስት ተኩል ገደማ። የወሎ ሴት ናቸው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በላም ወተት ነው ቤታቸውን ያቆሙት፣ ይቺኛዋን ላም ሻሼ ይሏታል። ደረጃውን ወጥተው ትንፋሽ አጥሯቸው በሩን ይዘው ቆሙ።

"እህስ ልጄ፣ ምን አገኘሽባት?"

"ምንም የለባትም እትዬ ዘሃራ" አልኩ፣ ወረቀቱን እየሰጠኋቸው።

"ምንም?"

"የደም ጥገኛ የለባትም። ዶክተር ነገ ይመጣሉ።"

ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱት። "ደጉን ያሰማሽ፣ እድሜ ይስጥሽ" ብለው አገጬን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ሳሙ። እንዴት አድርጌ በሩን እንደቆለፍኩ አላውቅም፣ ብቻ ጋዎኔን አወለቅሁ፣ በሩን በቁልፍ ዘጋሁ፣ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ጣልኩ፣ ወረድኩ። የዚያ በር ቁልፍ ሁለት ብቻ ነው ያለው፣ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሰበታ የሄዱት ዶክተር ጋ።

ኦሎምፒያ ስደርስ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር። ጸሐፊዋ ወንበር ሰጠችኝ፣ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ስምንት ሆነ፣ ስምንት ተኩል ሆነ፣ ዝናቡ ጀመረ፣ ያ ዝናብ ደግሞ ሲያዩት ሰማይ የተቀደደ የሚመስል። እኔ ግን ወንበሩ አላስቀምጥ አለኝ፣ እግሬን አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ፣ ተነስቼ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። "ምንም የለባትም" ያልኩት ድምፄ እንደ ዝንብ ጆሮዬ ሥር ይዞራል። አንድ ጊዜማ፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ አካባቢ ይሆናል፣ ግራ ዓይኔ በድንገት ማንባት ጀመረ፣ ግራው ብቻ፣ ረጅም ሰዓት ማይክሮስኮፕ ላይ ስቆይ ነው እንደዚያ የሚሆነው፣ እኔ የምሠራው በግራ ዓይኔ ነውና። ጸሐፊዋ "አሞሻል እንዴ?" ብላ ሶፍት ሰጠችኝ። ይህን የምነግራችሁ ሴትየዋ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከፊቷ እንደነበርኩ ምስክሬ ስለሆነች ነው። ዘጠኝ ሲሆን "ነገ አራት ሰዓት ነይ" አሉኝ።

ወደ ቤቴ ነበር መሄድ የነበረብኝ፣ ቤቴ ቡልጋሪያ ነው፣ ቅርብ ነው። ግን የታክሲው ረዳት "ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!" ሲል ገባሁ። ምን ልሠራ እንደነበር ራሴም አላወቅሁም፣ ያን አሮጌ ማይክሮስኮፕ ላወርድ ይመስለኛል።

ፎቁ በር ላይ ዘበኛው ጋሽ በዛብህ ካፖርታቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ሲያዩኝ አፋቸውን ከፈቱ።

"ደግሞ በየት በኩል ወረድሽ አንቺ?"

"መምጣቴ ነው ጋሽ በዛብህ፣ ኦሎምፒያ ነበርኩ።"

"ተይ እንጂ! አሁን አይደል እንዴ ከውጭ መጥተሽ በዚህ በኩል ያለፍሽው? እንዴት ዋልሽ ስልሽ ዝም ብለሽኝ ነው የወጣሽው፣ ጋዎንሽን ለብሰሽ።"

ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸውም ደከም ብሏል፣ ሳቅኩና ደረጃውን ያዝኩ። መብራት አልመጣም፣ ደረጃው ጨለም ብሏል። አንደኛውን ፎቅ አልፌ መታጠፊያው ላይ ስደርስ ነው የሰማሁት፣ ዋይይይ። ቆምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ እየወረደ ስለነበር መጀመሪያ አላመንኩም፣ ግን ያቺን ድምፅ ሁለት ዓመት ሰምቻታለሁ፣ የኛ ሴንትሪፊውጅ ናት፣ ፍጥነቷን ጨርሳ ልትቆም ስትል የምታሰማው ድምፅ ነው፣ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄድና መጨረሻ ላይ ጠቅ ይላል። ጠቅ አለ።

በሩ ተቆልፏል። ቁልፌን አስገብቼ ከፈትኩት። ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫንኩት፣ መብራት የለም፣ ሁለቴ ተጫንኩት፣ የለም። ፍሪጁ ዝም ብሏል። ማሽኗ ላይ እጄን ሳሳርፍ ግን ክዳኗ ሞቋል፣ እመኑኝ፣ ልክ አሁን እንደሠራ። ከፈትኩት። ውስጥ አንዲት ቱቦ አለች። እኔ የጣልኳት ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እንዳለች ናት፣ ዞሬ አይቻታለሁ፣ ይቺኛዋ ሌላ ናት፣ ደሙ ጥርት ብሎ ተለይቷል፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ንጹሕ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም።

ቀና ስል ያ አሮጌ ማይክሮስኮፕ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። አቧራው ተወልውሏል፣ መስታወቱ ወደ ሰማይ ዞሯል። ስላይድ ተደርጎበታል። ጎንበስ ብዬ ግራ ዓይኔን አስጠጋሁ፣ ማስተካከያውን መንካት አላስፈለገኝም፣ ልክ ለኔ ዓይን ተለክቶ ነበር። እና አየኋቸው። በቀይ ሴሎቹ መሀል እንደ እባብ ልጅ እየተገለባበጡ፣ ሴሎቹን እየገፉ፣ ብዛታቸው! አንድ ሁለት ብሎ የሚቆጠር አይደለም። ገንዲ። ጥሩ አድርጎ ላየ ሰው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

መዝገቡ ተከፍቷል። እኔ የጻፍኩት ላይ አንድ መስመር ተሰምሮበታል፣ ሲሳሳቱ እንደሚሰመረው በሥርዓቱ፣ ከጎኑ፤ ተገኝቷል፣ የቀይ ደም መጠን አሥራ ሰባት በመቶ፣ መድኃኒት ተሰጥቷል። ጽሑፉ የኔ ነው። ሌላ ሰው አስመስሎት ነው እንዳትሉኝ፣ የ"ገ" እግር ስጽፍ ወደ ውስጥ የማጠፋት ነገር አለች፣ እሷም አለች።

ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ከገንዲው መድኃኒት አንዱ ብልቃጥ የለም። አንድ መርፌም የለም።

ከዚያ በኋላ ላብ ውስጥ አንድ ደቂቃ አልቆየሁም። በሩን ቆልፌው ይሁን ሳልቆልፈው አላውቅም፣ በዝናቡ ውስጥ ሮጥኩ፣ የእትዬ ዘሃራ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቀጭን ኮሮኮንች መንገድ ነው፣ ነጭ ሸሚዜ ገላዬ ላይ ተጣብቆ፣ ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ ደረስኩ። የቆርቆሮ በሩን ስመታ ወዲያው ከፈቱልኝ።

"ምነው ልጄ፣ የረሳሽው ነገር አለ?" አሉኝ፣ ፈገግ ብለው።

"እትዬ ዘሃራ፣ ተሳስቼ ነው" አልኩ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። "ቅድም የሰጠሁዎት ወረቀት ስህተት ነው፣ ላሟ ገንዲ አለባት፣ ዶክተር ጋ መደወል አለብን፣ ስልክ…"

"ነገርሽኝ እኮ።"

"ማን?"

"አንቺ ነሻ! ወጋሻትም እኮ።" ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ከፀጉሬ ጀምረው ወደ ታች አዩኝ። "ምንድን ነው የሆንሽው? ቅድም ስትመጪ ይኸው ዝናብ እየወረደ አንዲት ጠብታ አልነካሽም ነበር።"

እሳቸው ገብተው አንድ ፌስታል ይዘው ወጡ፣ ውስጡ ባዶው የመድኃኒት ብልቃጥና መርፌው አለ፣ "ዶክተር ሲመጡ ያሳዩዋቸው" ተብለው ያስቀመጡት ነው። ወረቀትም ሰጡኝ፣ የክሊኒካችን ወረቀት፣ ማኅተሙ ያለበት፣ በኔ ጽሕፈት፤ ገንዲ ተገኝቷል። ሥሩ ላይ ፊርማዬ፣ ሰዓቱ ስምንት ሰዓት ከአርባ። በስምንት ሰዓት ከአርባ እኔ ኦሎምፒያ መስኮት ሥር ቆሜ ዝናብ እያየሁ ነበር።

"እትዬ ዘሃራ" አልኳቸው፣ "ወላሂ በሉኝ፣ ያየሁት አንቺን ነው በሉኝ።"

"ወላሂ አንቺን ነው" አሉ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ማፍተልተል ጀመሩ። "አንድ ነገር ግን ከብዶኝ ነበር። በምሳ ሰዓት የሰጠሽኝን ወረቀት ጠየቅሽኝ፣ አውጥቼ ሰጠሁሽ፣ አራት ቦታ ቀደድሽው። ምነው ስልሽ…"

"ምን አልኩ?"

"'እሷ አላየችውም' አልሽኝ። እሷ ማን ናት ብዬ ልጠይቅሽ ብል መርፌውን ይዘሽ ወደ ሻሼ ገባሽ።"

ልብ በሉ እንግዲህ፣ እኔ ላም ወግቼ አላውቅም። በሕይወቴ አንዴም። ሥራዬ አይደለም፣ እፈራለሁም።

ወደ ጋጣው ወሰዱኝ። ሻሼ ሣር ላይ ተኝታለች፣ አጥንቷ ተቆጥሮ፣ ጥጃዋ ጎኗ ተለጥፏል። እትዬ ዘሃራ እንዳሉኝ ከሆነ ያቺ የወጋቻት ሴት ስትገባ ላሟ አንገቷን ዘርግታ እጇን ልሳታለች። እኔ አንድ እግሬን ደፉ ላይ ሳሳርፍ ግን ያቺ ጠዋት መነሳት አቃታት የተባለች ላም በሁለት የፊት እግሯ ልትነሳ ታገለች፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ወደ ግድግዳው ሸሸች፣ ጥጃውን እንኳ ልትረግጠው ነበር።

"ውጪ፣ ውጪ ልጄ" አሉኝ እትዬ ዘሃራ፣ ክንዴን ይዘው። ውጭ አውጥተው ትንሽ ነገር በአፋቸው ደገሙ፣ ከዚያ ፊቴን ሳያዩ "እኔ እንጃ ይቺን ነገር፣ አላህ ነው የሚያውቃት፣ ለማንም አናውራ" አሉ።

ዶክተር በማግስቱ ጠዋት ሻሼን አዩዋት። አንገቷ ላይ መርፌው የገባበትን ቦታ ነኩ፣ ባዶውን ብልቃጥ አገላብጠው አዩ፣ መጠኑን በሐሳባቸው አሰሉ። ወደ እኔ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

"ሳትወጋ እስከ ዛሬ ጠዋት ብትቆይ ኖሮ ቆዳዋን ነበር የምናገኘው" አሉኝ። "መውጋት መቼ ተማርሽ? ቦታው ልክ፣ መጠኑ ልክ። መብራት ሳይኖርስ እንዴት አገኘሽው?"

"በአሮጌው ማይክሮስኮፕ" አልኩ።

እንደዚያ ነው ያልኳቸው። ምስጋናውን ተቀበልኩ፣ እስከ ዛሬም እውነቱን አልነገርኳቸውም። ምን ልበላቸው? "እኔ አይደለሁም፣ ደግሞም እኔ ነኝ" ልበላቸው? ቱቦዋስ ያለ መብራት እንዴት ዞረች ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? እሳቸው ሰበታ ሆነው ማታ ሁለት ሰዓት ነው የተመለሱት፣ ይህን ደግሞ በዘዴ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፣ ቁልፋቸውም ከኪሳቸው አልወጣም።

ያን ዕለት አራት ሰዓት ላይ ቀጠሮዬ ነበርና ከዚያው ኦሎምፒያ ሄድኩ። ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም፣ ከዚያ ሰፈር፣ ከዚያ ፎቅ፣ ከዚያች ማሽን ርቄ መሄድ ነበር የምፈልገው። ያቺው ሶፍት የሰጠችኝ ጸሐፊ ስታየኝ ግራ ገባት።

"እንዴ፣ ሐሳብሽን ቀየርሽ?"

"የምን ሐሳብ?"

"ጠዋት ገና በር ስንከፍት መጥተሽ 'ስሜን ሰርዙልኝ፣ ሥራ አለኝ' አላልሽኝም እንዴ? እኔ እኮ ሰርዤሽ ለሌላ ሰው ደወልኩ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ትናንት ዓይንሽን አሞሽ ነበር፣ ዛሬ ግን ስትመጪ እንዴት አምሮብሽ ነበር፣ ምን ተቀባሽ ልልሽ ነበር" አለችኝ።

ጠዋት በር ሲከፍቱ እኔ እትዬ ዘሃራ ግቢ ከዶክተር አጠገብ ቆሜ ነበር።

እንግዲህ ላብራቶሪው ውስጥ ቀረሁ። ሻሼ ዳነች፣ በሦስተኛው ሳምንት ወተቷ ተመለሰ፣ ሰፈሩ ሁሉ "የሰብለ ላም" ይላት ጀመር፣ በሰማሁ ቁጥር ይቀፈኛል። እትዬ ዘሃራ ለክሊኒኩ ወተት ይልካሉ፣ ግን ራሳቸው አይመጡም፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝም ሰላምታቸው አጭር ነው። አልፈርድባቸውም። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ናሙና ሳላይ "የለም" ብዬ ጽፌ አላውቅም፣ አንዲት ድመት ብትሆን እንኳ፣ ዶክተርም "እንደ ሰብለ ዓይን ያለው የለም" እያሉ ለሰው ያወራሉ። ደግ ሰው ሆንኩ ብዬ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ፍርሃት ነው። እኔ ያላየሁትን ሌላ ሰው መጥቶ ያይልኛል ብዬ ስለምፈራ ነው። ሰው ሥራዬን ሲያመሰግንልኝ የትኛዋን እንደሆነ አንዳንዴ አላውቅም፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለናንተ ነው።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ዶክተር ክሊኒኩን ዘግተው እኔም ሌላ ቦታ ከተቀጠርኩ በኋላ፣ ኦሎምፒያ ታክሲ ሰልፍ ላይ እትዬ ዘሃራን አገኘኋቸው። አርጅተዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት፣ ሻሼ ከሞተች ቆይታለች፣ የልጅ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አስቆሙኝ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ግራ ዓይኔን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ ልክ እኔ ስላይድ እንደማየው፣ ረጅም ጊዜ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላችን ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ።

"ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "የትኛዋ ነሽ?"

"ያቺ… የፊተኛዋ ነኝ" ልል አፌን ከፈትኩ። ታክሲው መጥቶ በሩ ተንሸራተተ፣ ረዳቱ እጃቸውን ይዞ አሳፈራቸው፣ ከመስኮቱ ውስጥ ሆነው መልሴን እየጠበቁ ያዩኝ ነበር። እኔ ግን እዚያው አፌን እንደከፈትኩ ቆሜ ቀረሁ።